የሃያ ዘጠኝ ዓመት ዜሮ

ሰኞ ጠዋት የአዲሱ መዋቅር ድልድል ተለጠፈ። ድልድል ማለት ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ተመዝኖና ነጥብ ተሰጥቶት፣ ወይ ወንበር የሚያገኝበት ወይ ከወንበሩ የሚነሳበት ሥነ ሥርዓት ነው። ወንበር ያጣ ሰው "ተንሳፋፊ" ይባላል። ስሙን ያወጣው ሰው ሰምጦ የማያውቅ መሆን አለበት። ተንሳፋፊ ሦስት ወር ይንሳፈፋል፤ በሦስት ወር ውስጥ ክፍት ቦታ ካልተገኘለት ይሰናበታል።

የጋዜጣችን ቢሮ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዝርዝሩ የተለጠፈው አሳንሰሩ በር ላይ ነበር። አሳንሰሩ ከመቆሙ በፊት ቢሆን በሩ በተከፈተ ቁጥር ድልድሉ ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር፤ ደግነቱ ከቆመ ሰነባብቷል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ረድፍ ነው። ዋና ዘጋቢ ሆኜ ተደልድያለሁ። ከቦታው ጋር የመስኮቱ ጠረጴዛ ይገኛል፤ ከዚያ ሆኖ አውሮፕላን ሲነሳ ይታያል። ለአገልግሎት ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ደስ አለኝ፤ ማንበቤንም እዚያ ላይ አቆምኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከእኔ ጎን የጋዜጣችን አራሚ ቆማ ነበር። እኔ ለቅጥር ስፈተን የጻፍኩትን ዜና ያረመችው እሷ ናት። ዘጠኝ ስህተት አገኘችና "ዜናው ግን አይከፋም" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ እሷ ቀይ እስክሪብቶ የወጣ ጽሑፍ የለኝም። አሁን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከትላ አነበበች፤ እስክሪብቶዋን አወጣች፤ በሦስተኛው መስመር ላይ አንድ የተገደፈ ፊደል አስገባች፤ መልሳ ከደነችው።

"አየኸው?" አለችኝ።

"የቱን?"

"እኔን።"

አየሁ። ስሟ አለ። አገልግሎት በሚለው ዓምድ ሥር "0" ይላል። ከዜሮው ቀጥሎ "ያልተደለደለች"።

"ዛሬ ነው የተቀጠርኩት ማለት ነው" አለች። "እንኳን ደህና መጣሽ በለኝ እንጂ።"

"ስህተት ነው። ቅሬታ አስገቢ፤ እስከ ዓርብ ጊዜ አለ።"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚህ መኖሬን ለማስረዳት ማመልከቻ አልጽፍም። ግድግዳውን ይጠይቁት። ቀለም ሲቀባ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።"

ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠችና የማክሰኞውን እትም ማረም ጀመረች። ምሳዋን ግን አልበላችም። ያንን ያየሁት የምሳ ዕቃዋ እስከ ማታ ሳይከፈት ጠረጴዛዋ ላይ ስለቆየ ነው። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ዓመት የቀራቸው ሴት፣ በዚህ ከተማ ውስጥ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሌላ ሥራ የት እንደሚያገኙ እኔም አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

ቢሮው እስከ እኩለ ቀን ድረስ ምክንያቱን አግኝቶ ጨርሷል። በአዲሱ መዋቅር ያለው የአራሚ ቦታ አንድ ነው። እሱም ከሁለት ዓመት በፊት ለመጣችው ወጣት አራሚ ተሰጥቷል። ወጣቷ ደግሞ፣ እንደ ቢሮው ምርመራ ከሆነ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው የአክስት ልጅ ናት። ይህን ያረጋገጡልኝ አምስት ሰዎች ናቸው። አምስቱም የሰሙት ከስድስተኛው ነው። ስድስተኛውን አገኘሁት፤ እሱ ደግሞ የሰማው ከአምስቱ ከአንዱ ነው። አጣራሁ። ሁለቱ ያላቸው ዝምድና ማታ ማታ በአንድ ታክሲ ወደ ገርጂ መሄዳቸው ብቻ ነው። በዚህ መስፈርት ከሆነ እኔም ግማሹን ገርጂ ዘመዴ ላደርገው ነው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ሰው ሀብት ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋ ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ሳየው ማኪያቶውን አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ሊጽፉብን ነው እንዴ?"

"ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። እሷን ዜሮ ያልካት አንተ ነህ?"

"እኔ እኮ አይደለሁም። ሲስተሙ ነው ያወጣው።"

"ሲስተሙ ምንድን ነው?"

"ሲስተሙ… ኤክሴል ነው።"

"ኤክሴሉን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው አንተ ነህ።"

"አይ፣ እኔ ፎርሙላውን ነው ያስገባሁት። ያወጣው እሱ ነው።"

በሥራ ዘመኔ ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄያለሁ። ኃላፊነቱን በዚህ ፍጥነት ለዕቃ ያስረከበ ግን አላጋጠመኝም።

"እትዬ ታዲያ ለምን ቅሬታ አያስገቡም?" አለ ቀጠለና። "መመሪያው ግልጽ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ማንኛውም ሠራተኛ…" ቆመ። ራሱ የሚለውን ሰማው። በሠንጠረዡ መሠረት አራሚዋ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጀመረችም። ቅሬታ ብታስገባ ኖሮ ዜሮው ቅሬታዋን ራሱ ውድቅ ያደርገው ነበር። ይህን ያህል የተሟላ ሥራ ታስቦበት ቢሆን ኖሮ አደንቅ ነበር።

"ክፈተው እስቲ" አልኩት።

ከፈተው። ስለ ሠንጠረዥ የማውቀው፣ አንድ ጊዜ ሆቴል ውስጥ በተሰጠ የሦስት ቀን ሥልጠና የተማርኩትን ነው። ከሠልጣኞቹ ግማሹ ለምሳው ነበር የመጣው፤ እኔም ከግማሹ ነበርኩ። ግን ማስታወሻ የመያዝ ልማድ አለብኝ። ከማስታወሻዬ የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ቁጥሩን አትመን፣ ሳጥኑን ጠቅ አድርገህ ከጀርባው ያለውን አንብብ።

ዜሮዋን ጠቅ አደረግኩ። ከላይ ፎርሙላው ተዘረገፈ። ቅንፍ በቅንፍ ላይ ነው። ተራው ነገር ቀላል ነበር፦ ከዛሬ ቀን ላይ የቅጥር ቀንን ቀንስ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ ንገረኝ። ዙሪያውን ግን ሌላ ትእዛዝ ከቦታል። ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ "ስህተት ካጋጠመህ ዜሮ በልና ዝም በል" የሚል ነው።

"ይሄን ለምን ጨመርከው?"

"አንዳንድ ቦታ ላይ የስህተት ምልክት ያመጣ ነበር። ለማኔጅመንት ፕሪንት ሲደረግ ደስ አይልም።"

"ስለዚህ ስህተቱን አስተካከልከው።"

"አስወገድኩት።"

ትእዛዙን ከዙሪያው አነሳነው። ወዲያው በዓምዱ ውስጥ አራት ቦታ ላይ የስህተት ምልክት ብቅ አለ። አራሚዋ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ አንድ ሾፌርና አንድ ጥበቃ። አራት ሰዎች ለውበት ሲባል ከታሪክ ተሰርዘው ነበር። ሦስቱ ስለ ዜሮዋቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። በኋላ ስጠይቃቸው ሾፌሩ "እኛ እኮ ድሮም እንዲህ ነው የምንታየው" አለኝ፤ ጥበቃው ደግሞ ዝርዝሩን ጨርሶ አላየውም፤ ከበሩ ተነስቶ ሦስተኛ ፎቅ ስለማይወጣ።

አሁን ጥያቄው እነዚህን አራቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው የሚለው ሆነ። ኃላፊው ቶሎ ብሎ "ታይፕ ስህተት ነው፣ የሆነ ባዶ ቦታ ገብቶ ይሆናል" አለ። ፈተሽን። ባዶ ቦታ የለም። በዜሮ ፈንታ ፊደል ገብቶ እንደሆነ አየን። የለም። የቅጥር ቀኖቹን ከየግል ማኅደራቸው ጋር አመሳከርን፤ ልክ ናቸው። ቀኖቹ ሁሉ በየሳጥናቸው መሐል ላይ በሰልፍ ቆመዋል።

"መሐል ላይ ያደረግካቸው አንተ ነህ?"

"አዎ፤ ለውበት።"

"ውበቱን አንሳው።"

አነሳው። ዘጠና ምናምን ቀኖች ወደ ቀኝ ሸሹ። አራቱ ብቻ ወደ ግራ ሄደው ተለጠፉ። ከሥልጠናው የቀረኝ ሁለተኛው ነገር ይህ ነበር። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ ተራ ጽሑፍ ነው ያለውን ወደ ግራ ያስቆማል። አራቱ የቅጥር ቀኖች ለእሱ ቀን አልነበሩም። የሆነ ሰው የጻፈው ወሬ ነበሩ።

የአራሚዋን አነበብኩ። ቀን 3፣ ወር 13። ጳጉሜ ሦስት። የመዝገብ ቤቷም ጳጉሜ አምስት። ኃላፊው ግንባሩን መታ። ኮምፒውተሩ ፈረንጅ ነው፤ ዓመቱ በአሥራ ሁለት ወር ያልቃል። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት አንድ ሰው እየቀለደበት መሰለው።

ነገሩ ተፈታ ብሎ ማኪያቶውን አነሳ። እኔ ግን ሾፌሩና ጥበቃው ቀርተውኛል። የሁለቱም የቅጥር ቀን ጥቅምት ሠላሳ ነው፤ በአንድ ቀን ነው የተቀጠሩት። ጥቅምት የታወቀ ወር ነው። አንድን ነገር በግማሹ የሚያስረዳ መልስ ለጋዜጣ መግለጫ ይበቃል፤ ለእኔ አይበቃኝም። የሾፌሩን ቀን ወደ ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀየርኩት። ቀኑ ወደ ቀኝ ዘለለ፣ የስህተት ምልክቱም ጠፍቶ ቁጥር መጣ። ሃያ ዘጠኝ አደረግኩት፤ ተመልሶ ወደ ግራ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ሁለተኛ ወር ስንል ጥቅምት ማለታችን ነው፤ እሱ ፌብሩዋሪ ይሰማዋል። ፌብሩዋሪ ደግሞ ሃያ ስምንት ላይ ያበቃል። ሾፌሩና ጥበቃው ሥራ የጀመሩት፣ በማሽኑ እምነት፣ በሌለ ቀን ነው።

ማሽኑ ምንም አልተሳሳተም። የእኛን ቀን በፈረንጅ ቀን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥነው እኛው ነን። ያላወቀውንም አላወቅኩም ብሎ ነበር፤ ዜሮ በል ያልነውም እኛው ነን።

ዓርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አራሚዋን ጠራኋት። ገብታ ከኃላፊው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቆመች፤ ተቀመጪ ስትባል አልቀመጥም አለች።

"እትዬ፣ ተገኝቷል!" አለ ኃላፊው በደስታ። "ችግሩ ጳጉሜ ነው። የእርስዎን መስከረም አንድ ብናደርገው ወዲያው ይስተካከላል። ሦስት ቀን ነው፤ ምንም አይደል።"

"የምን መስከረም አንድ?"

"የቅጥርዎን ቀን።"

"እኔ የተቀጠርኩት ጳጉሜ ሦስት ነው። የሩፋኤል ዕለት። ዝናቡ እየወረደ፣ የቅጥር ደብዳቤዬን በፌስታል ጠቅልዬ ከቦሌ ሚካኤል ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት። የእንቁጣጣሹን እትም ያረምኩት እኔ ነኝ። መስከረም አንድ ቀን ቢሮው ዝግ ነበር። ማን ነው በሩን የከፈተልኝ?"

"ለኮምፒውተሩ ብቻ ነው እኮ እትዬ።"

"ለኮምፒውተሩ ብለህ አንድ ውሸት ቀድመህ ጽፈህልኛል፤ ሁለተኛ አትጨምርልኝ።"

ኃላፊው እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። "ለሙከራ ያህል ብቻ ልየው" አለና መስከረም አንድ ብሎ ጻፈ። ቀኑ ወደ ቀኝ ዘለለ። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥር መጣ።

ሠላሳ ሰባት።

"ይኸው! ሠላሳ ሰባት ዓመት!" አለ ኃላፊው፣ ራሱ የሰጣት ይመስል።

እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። አራሚዋ ግን መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

"እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው" አለች። "ስለዚህ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው የቀጠራችሁኝ። ሕፃን ትቀጥሩ ነበር?"

ኃላፊው ማኪያቶውን መልሶ አስቀመጠ።

"ሃያ ዘጠኝ ነው" አለች። "ስምንቱን ከየት አመጣችሁት?"

ስምንቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ፎርሙላውን ከአንድ ሰዓት በፊት አንብቤው ነበር። "የዛሬ ቀን" የሚለውን ሠንጠረዡ የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ነው። የኮምፒውተሩ ዛሬ በፈረንጅ ነው፤ የእኛ የቅጥር ቀን በእኛ። ከፈረንጅ ዓመት ላይ የሐበሻ ዓመት ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት፣ ለአንዳንዱም ስምንት ዓመት ይመረቃል። ከአራቱ ዜሮዎች በስተቀር ቢሮው በሙሉ ተመርቆለታል። ሁለት ዓመት የሠራችው ወጣት አራሚ ዘጠኝ ተብላለች። ዘጠና ሰው ያልኖረበትን ዓመት ተቀብሎ፣ ዝርዝሩ ፊት ቆሞ አንብቦ፣ አንድ ቅሬታ አልቀረበም። ሕዝባችን ስህተት አይታገስም የሚል ሰው ካለ ወደ ሩዋንዳ ብቅ ይበል።

አራሚዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"ያንተስ ስንት ይላል?"

ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት ይህን ነው። የእኔ ሠላሳ አራት ይላል። የሠራሁት ሃያ ሰባት ነው። የአገልግሎት ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ሠላሳ ለሞላው ነው። ሰኞ ጠዋት ሠላሳ አራትን በገዛ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። የሰውን ዕድሜ፣ የመንገድን ርዝመት፣ የሹመትን ቀን ሁለት ጊዜ ሳላጣራ የማልጽፈው እኔ፣ ሠላሳ አራት ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ቅድም የሾፌሩን ቀን ስሞክር የመጣውን ቁጥርም አላየሁትም፤ ዜሮ አለመሆኑ በቅቶኝ ነበር።

"ሠላሳ አራት" አልኩ።

"እሺ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ቁጥርን እሺ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ያውቃል። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራም ያውቃል።

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ፣ የእሳቸውን ብቻ እናስተካክልና ሌላውን ብንተወውስ? የሁሉም ከተነካ ድልድሉ በሙሉ ይቀየራል። እርስዎም…"

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ በትሕትና ተወው። አራሚዋ በሠላሳ ሰባትም ቦታዋን ታገኛለች። እኔም መስኮቴን። ሦስታችንም የምንፈልገው ነገር በአንድ ቁልፍ ተገኝቶ ምሳ መሄድ ይቻል ነበር። ለትንሽ ጊዜ፣ ምናልባት አንድ አውሮፕላን ለመነሳት የሚፈጅበትን ያህል፣ አሰብኩበት።

"ያልሠራሁበትን ዓመት አልፈልግም" አለች አራሚዋ። "የሠራሁበትን መልሱልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ።"

"ሁሉንም እንነካዋለን" አልኩ። ድምፄ ውስጥ ጀግንነት አልነበረም።

ጥገናው ራሱ የሁለት ቀን ሥራ ሆነ። ቀኑን ለሦስት ከፈልነው፤ ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ። ሦስቱም ተራ ቁጥር ስለሆኑ ማሽኑ ፌብሩዋሪን የሚያስገባበት በር አጣ። ዛሬንም በእኛ አቆጣጠር በእጃችን ጻፍነው። ዓመት ከዓመት ይቀነሳል፤ የቅጥሩ ወርና ቀን ዘንድሮ ገና ካልደረሰ አንድ ይቀነሳል፤ አለቀ። ዜሮ በል የሚለውን ትእዛዝ አልመለስነውም። ስህተት ካለ ስህተት ነኝ ብሎ ይቁም። ኃላፊው ፎርሙላውን በጻፈ ቁጥር እኔ አሥር ሰው መርጬ ከማኅደራቸው ጋር በወረቀት አሰላለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ላይ የመረጥኳቸው አሥሩም ልክ መጡ። ኃላፊው ሠንጠረዡን እንደገና መሐል ላይ ሊያደርገው ሲል እጁን ያዝኩት።

ዓርብ ጠዋት አዲሱ ዝርዝር አሳንሰሩ በር ላይ ተለጠፈ። በዚህ ጊዜ ቅሬታ ጎረፈ። ሰኞ ሰባት ዓመት ሲጨመርለት ያልተናገረ ሰው ሁሉ፣ ሲቀነስበት ሕገ መንግሥት ጠቀሰ። "የተሰጠ ነገር እንዴት ይወሰዳል?" ያለው የማስታወቂያ ክፍሉ ባልደረባችን የተሰጠው ነገር ዕድሜ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ወጣቷ አራሚ ወደ ድረ ገጹ ተዛወረች፤ ደስ ብሏታል አሉኝ፤ ይህን ግን ከራሷ አልሰማሁም።

የእኔ ነጥብ ወረደ። ዋና ዘጋቢ የሆነው የስፖርት አዘጋጁ ነው፤ እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት በእውነት ሠርቷል። የመስኮቱን ጠረጴዛ በዚያው ቀን ወሰደ፤ ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ብሎም መጋረጃውን ዘጋው። እኔ ተራ ዘጋቢ ሆኜ ከአራሚዋ አጠገብ፣ ከኮፒ ማሽኑ ኋላ ተደለደልኩ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ኮፒ ማሽኑ ነው።

አራሚዋ አዲሱን ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የእሷ ረድፍ ላይ ደረሰች፦ ጳጉሜ 3፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ አራሚ። አለፈችው። የእኔ ላይ ቆመች፤ ሃያ ሰባት። ቀይ እስክሪብቶዋን አልከፈተችም። መጥታ ቦታዋ ተቀመጠችና የምሳ ዕቃዋን ከጠረጴዛዋ ላይ አንስታ ከፈተች። ገና ረፋድ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች እያኘከች። "እኔ ‘ያንተስ?’ ባልልህ ኖሮ ትናገር ነበር?"

ሥራዬ ሰውን መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ኮታቸውን እየቆለፉ የሚሄዱትን ስንቱን በጽሑፍ አሳፍሬያለሁ።

"አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ እጇን በሶፍት ጠረገችና ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የዕለቱን ዜናዬን ወደ ራሷ ሳበችው፤ እስክሪብቶዋንም ከፈተች። አራት ስህተት አገኘች።